ስምንት ብሎን፣ ዘጠኝ ወር፦ ጅማ ውስጥ በእጄ የሠራኋት ሰዓት

ጥር 2017 ላይ ገጥሜ የጨረስኋትን ሰዓት መጀመሪያ ያሳየሁት ሂርማታ ገበያ አጠገብ ተቀምጠው ሰዓት ለሚጠግኑ አዛውንት ነበር። መዳፋቸው ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና «ልጄ፣ ይህ ሰዓት ነው ወይስ የቧንቧ ክዳን?» አሉኝ። ተሸማቀቅሁ እንጂ ብዙም አልተሳሳቱም። መነሻዬ ሮያል ኦክ የተባለችው የስዊሱ ሰዓት ሠሪ የኦደማር ፒጌ ሰዓት ናት፤ ንድፍ አውጪው ጄራልድ ዠንታም ስምንት ማዕዘኑንና ስምንቱን ብሎን ያሰበው ከባሕር ጠላቂ የራስ ቁር ተነሥቶ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 በባዝል የሰዓት ትርኢት ላይ ስትቀርብ የብረት ሰዓት ሆና ሳለ 3,300 የስዊስ ፍራንክ ተጠይቆባታል፤ በዚያን ጊዜ በዚህ ዋጋ የወርቅ ሰዓት ይገዛ ነበር። እኔ ያወጣሁት ሁሉም ተደምሮ 9,400 ብር ገደማ ነው። ፊቷ ላይ የማንንም ስም አልጻፍሁም፤ ንድፉን ወደድሁት እንጂ በስሙ ልነግድ አላሰብሁም።

አካሏ ከማይዝግ ብረት የተቆረጠው ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው ቀኑን ሙሉ የቡና መፈልፈያ ዘንግ ሲያስተካክል ስለሚውል ይህችን ሚጢጢ ሥራ እንደ ቀልድ ነው የተቀበለኝ። የመስታወቱን ዙሪያ የያዘውን ስምንት ማዕዘን ቀለበት ግን ራሴ ከነሐስ፣ በሞርሳ አስሬ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አወጣሁት። ሰዓቷን የሚያስኬደውን የውስጥ ማሽንና መስታወቱን ከዱባይ የሚመላለስ ዘመድ አመጣልኝ።

ማሽኑ የሴይኮ ኤንኤች 35 ነው። በራሱ ይሞላል፣ በእጅም ይሞላል፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ሞልቶ ቢቀመጥ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። አምራቹ ቃል የሚገባው በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ባለው ውስጥ እንደሚሆን ነው። የእኔዋ 18 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ አዛውንቱ ማስተካከያዋን በጥርስ መጎርጎሪያ ነካ አድርገው ወደ 6 ሰከንድ አወረዱልኝ። ከውፍረቱ በቀር ስለ ማሽኑ ስሞታ የለኝም። የመጀመሪያዋ ሮያል ኦክ ማሽን 3.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኔው 5.32 ነው። በዚህ ላይ የእኔ የቶርኖ ሥራ ሲጨመርበት የሸሚዜን እጅጌ መቆለፍ ትቻለሁ።

ያስቸገረኝ የገዛሁት ሳይሆን የሠራሁት ነው። ዋናው ጥፋቴ የሰዓቷ ፊት ነበር። የዋናዋ ፊት በልዩ መቅረጫ የወጡ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተደረደሩበት ነው፤ እኔ ግን የጅማ ነገር ይኑርባት ብዬ በርጩማ ከሚጠርብ ወዳጄ የዋንዛ ቁራጭ ተቀበልሁና እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አሳስቼ ገጠምሁት። እስከ ግንቦት ያየኝ ሁሉ ያደነቀው እሱን ነበር። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲከብድ ሰዓቷ መቆም ጀመረች። ስከፍታት ትሄዳለች፣ ስዘጋት ትንሽ ሄዳ ትቆማለች። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘመዴን በሐሰት አማሁት። በመጨረሻ አዛውንቱ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ከጎን ሲያዩዋት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ መሐሉ አብጧል፤ የሰዓት ጠቋሚውን ከታች ይዞታል። በፊቱና በጠቋሚው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ዋንዛ መቀመጫ ነው፤ እዚህ ምን አመጣው?» አሉ። አሁን ፊቷ ስስ የነሐስ ቆርቆሮ ነው፤ አራት ማዕዘኖቹን በእጄ ስለጫርኋቸው በስተግራ በኩል ወደ ትይዩነት የሚቀራረቡ መስመሮች አሉ ቢባል ይበቃል።

ሐምሌ ላይ ደግሞ መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ። ውስጧ የተዘጋው የጅማ እርጥብ አየር ነው፤ ዝናብ መስታወቱን ሲያቀዘቅዘው ወደ ውኃ ይለወጣል። ውኃና እርጥበት እንዳይገባ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበር የገዛሁት፤ ለትንሽ ቀጥኖብኛል። አውጥቼ ወፈር ያለ ገዛሁ፣ የሲሊኮን ግሪስ ቀባሁት፣ ሰዓቷንም ከጫማ ካርቶን ከሰበሰብኋቸው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አንድ ሌሊት ዘግቼ አሳደርኋት። ከዚያ ወዲህ ላብ አላየሁም። ያም ሆኖ እጄን ስታጠብ አወልቃታለሁ።

የነሐሱ ቀለበት በላብ ይጠቁራል፣ ጠርዙም ላይ አረንጓዴ ይወጣል። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ስትፈትግ ያየሁትን አደረግሁና በአንድ ቀን የሦስት ሳምንት ድካሜን አጠፋሁት። ላዩን በአንድ አቅጣጫ በቀጭኑ የተሞረደ፣ ጠርዙን ብቻ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ አድርጌው ነበር፤ አመዱ ሁሉንም አንድ ዓይነት ፍዝ አደረገው። ከዚያ በኋላ የፋብሪካዋን ሰዓት ፎቶ አጉልቼ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ፍዙና ብሩሁ በሚለያዩበት በዚያች የጠራች መስመር ላይ ነው። የእኔ መስመር አሁን የለችም።

ብሎኖቹም አሳፍረውኛል። በዋናዋ ላይ ስድስት ጎን ያለው ራሳቸው በልኩ በተቆፈረ ጉድጓድ ስለሚቀመጥ አይዞርም፤ የሚታሰረው ከጀርባ ነው። ስለዚህ በሁሉም ራስ ላይ ያለው የካቻቪቴ ስንጥቅ የቀለበቱን ክብ ተከትሎ ይሰለፋል። የእኔዎቹ ከፊት በካቻቪቴ የሚዞሩ ተራ ብሎኖች ናቸውና እያንዳንዱ ወደ ወደደው ይመለከታል። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ረግፎ ቀርቶ ሁለት ወር በሰባት ብሎን ዞሬአለሁ፤ ማንም አላስተዋለም።

የቀን መቁጠሪያዋ ነገር ግን ለእኛ አገር ሰው ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሰዓቷን በእኛ አቆጣጠር ስሞላት ቀኑ የሚዞረው 12 ላይ ስለሆነ ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ይሆናል፤ የንጋቱን መረጥሁ። ቁጥሩ እስከ 31 ስለሚሄድ በየወሩ መባቻ አንድ ቀን መዝለል አለብኝ። ጠቋሚው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለበት ጊዜ ቀኑን በእጅ መቀየር ቀኑን የሚያዞረውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ጳጉሜ 2017 አምስት ቀን ነበረችና መስከረም 1 ማለዳ ሰዓቴ 6 አለች። ቤተሰቡ ቡና እየጠጣ፣ እኔ ሦስት ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅሁና መሙያዋን ስቤ 26 ጊዜ አዞርሁ። የአጎቴ ልጅ ሳይናገር ስልኩን አዙሮ አሳየኝ፤ የእሱ መስከረም 1 የገባው ተኝቶ ሳለ ነው።