13፣ 14፣ 15፦ ቦስተን የገዛቸውና ያለፋቸው ታዳጊዎች ጎን ለጎን

የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የለመደ ሰው ወደ አይስ ሆኪ ኪፐር ሊግ (ተጫዋቾችን ከዓመት ዓመት ይዞ መቆየት ወደሚቻልበት ፋንታሲ) ሲገባ ግር የሚለው የጊዜው ርዝመት ነው። እዚህ ተጫዋች የሚገዛው ለቅዳሜ ጨዋታ አይደለም። ገና ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የሆኪ ሊግ) ያልረገጠ የ18 ዓመት ልጅ ላይ በጀት ታወጣላችሁ፣ ከቡድናችሁ አንድ ቦታ ትይዙለታላችሁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ትጠብቃላችሁ። ልጁ ሳይሆን ከቀረ በጀቱም ሄደ፣ ያ ሁሉ ጊዜ የተያዘው ቦታም ሄደ።

እንዲህ ላለው ግዢ ክለቦች ታዳጊዎችን በየተራ ከሚመርጡበት ድራፍት፣ ከቦስተን ብሩይንስ የ2015ቱ የተሻለ መለማመጃ አናውቅም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀነራል ማናጀሩ ዶን ስዊኒ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ተከላካዩን ዱጊ ሃሚልተንን ለካልጋሪ ሰጥቶ 15ኛ፣ 45ኛና 52ኛ ተራን ተቀበለ። አጥቂውን ሚላን ሉቺችን ለሎስ አንጀለስ ሰጥቶ 13ኛ ተራን ከግብ ጠባቂው ማርቲን ጆንስና ከተከላካዩ ኮሊን ሚለር ጋር አገኘ። 14ኛው ከመጀመሪያውም የራሱ ነበር። ስለዚህ ጁን 26 ቀን ፍሎሪዳ ሰንራይዝ ውስጥ ቦስተን ሦስት ተከታታይ ተራ ይዞ ቀረበ። ኮነር ማክዴቪድ አንደኛ ሆኖ የተወሰደበት፣ ጥልቅ ከሚባሉት ድራፍቶች አንዱ ነው።

ቦስተን የወሰዳቸው ሦስቱና ከኋላቸው ከነበሩት አምስቱ፣ ከድራፍቱ በፊት በነበረው የ2014-15 የውድድር ዘመን በየታዳጊ ሊጋቸው ያስመዘገቡት ይህን ይመስላል። በሆኪ ነጥብ ማለት ግብና ለግብ ያቀበሉት ሲደመር ነው። ዩኤስኤችኤል የአሜሪካ ታዳጊ ሊግ ነው።

| ተራ | ተጫዋች | ቦታ | ሊግ | ጨዋታ | ግብ | ነጥብ | በጨዋታ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 13 | ያኩብ ዝቦሪል (ቦስተን) | ተከላካይ | ኩቤክ | 44 | 13 | 33 | 0.75 |
| 14 | ጄክ ዲብረስክ (ቦስተን) | ክንፍ | ምዕራብ ካናዳ | 72 | 42 | 81 | 1.13 |
| 15 | ዛክ ሴኒሺን (ቦስተን) | ክንፍ | ኦንታሪዮ | 66 | 26 | 45 | 0.68 |
| 16 | ማቲው ባርዛል (አይላንደርስ) | ሴንተር | ምዕራብ ካናዳ | 44 | 12 | 57 | 1.30 |
| 17 | ካይል ኮነር (ዊኒፔግ) | ክንፍ | ዩኤስኤችኤል | 56 | 34 | 80 | 1.43 |
| 18 | ቶማስ ሻቦት (ኦታዋ) | ተከላካይ | ኩቤክ | 66 | 12 | 41 | 0.62 |
| 23 | ብሮክ ቤሰር (ቫንኩቨር) | ክንፍ | ዩኤስኤችኤል | 57 | 35 | 68 | 1.19 |
| 24 | ትራቪስ ኮኔክኒ (ፊላደልፊያ) | ክንፍ | ኦንታሪዮ | 60 | 29 | 68 | 1.13 |

ስሞቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ እዩት። ሁለት ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። 15ኛው ከአጥቂዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነው፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። 18ኛው ደግሞ ከ13ኛው ያንሳል። የመጀመሪያው ምልክት ልክ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለተኛው ግን ያሳስታል።

ሴኒሺን ወይስ ባርዛል

በሴኒሺን ላይ የተያዘው ሒሳብ ከሜዳ ውጭ ሆኖ ሲታይ ሞኝነት አይመስልም። ልጁ ረጅም ነው፣ ሲንሸራተት ፈጣን ነው፤ የሶልት ሴንት ማሪ ቡድኑ በጎበዞች የታጨቀ ስለነበር የሚሰለፍበት ደቂቃ ትንሽ ነው። "በትንሽ ደቂቃ 26 ግብ ካገባ፣ ደቂቃው ሲጨመርለት ስንት ሊያገባ ነው?" የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ በታዳጊ ሊግ ደረጃ ሠራም፦ በ2015-16 45 ግብ አገባ።

ችግሩ ያለው ከግቡ ጎን ባለው ቁጥር ነው። 26 ግብ ባገባበት ዓመት ያቀበለው 19 ነው። 45 ባገባበት ዓመት 20 ብቻ። የሚጨርስ ነገር ግን የማይፈጥር ተጫዋች ማለት ነው። ታዳጊ ሊግ ውስጥ ፍጥነት ብቻውን ተከላካይን ያልፋል፤ ኤንኤችኤል ውስጥ ተከላካዩም እኩል ይሮጣል፣ ያን ጊዜ ፓኩን (በሆኪ የሚመታውን ዲስክ) ይዞ ቦታ መክፈት የማይችል አጥቂ ሌላው እስኪያቀብለው ይጠብቃል። ሴኒሺን ለቦስተን የተሰለፈው በ14 ጨዋታ ብቻ ነው።

ባርዛልን ገዢዎች የፈሩት በጉልበቱ ጉዳት ነው። በዚያ ዓመት ተጎድቶ ከ72 ጨዋታ 44ቱን ብቻ ተጫወተ፣ ስለዚህ ጠቅላላ ነጥቡን የሚያይ ሰው 57 አይቶ ያልፈዋል። በጨዋታ ሲካፈል ግን 1.30 ነው፤ ከ57ቱ 45ቱ ያቀበላቸው ናቸው። የተጎዳን ልጅ በድምር መመዘን ገዢዎች አብዝተው የሚሠሩት ስህተት ነው፣ ለብልህ ገዢም ትልቁ ቅናሽ ያለው እዚያው ነው። በ2017-18፣ በመጀመሪያ ሙሉ ዘመኑ፣ 85 ነጥብ ሰብስቦ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የሚወስደውን የካልደር ዋንጫ ወሰደ።

ከሁለቱ ባርዛል፤ የሚያከራክር አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ሊጋችሁ ለግብ ከማቀበል በጣም የበለጠ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ የባርዛል ዋጋ ይወርዳል። በዚያ ዓመት ከ85ቱ ግቡ 22 ነበር።

ዝቦሪል ወይስ ሻቦት

ይህኛው ከባድ ነው። ሁለቱ ልጆች የሴንት ጆን ሲ ዶግስ የአንድ ቡድን ተከላካዮች ነበሩ። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ሊግ፣ አንድ በረዶ። መልማይ አንድ ትኬት ቆርጦ ሁለቱንም ያያል። በዚያ ዓመት ደግሞ ቁጥሩ የሚለው "ዝቦሪልን ውሰድ" ነው፤ በ22 ጨዋታ አንሶ አንድ ግብ በልጦ አገባ።

ታዲያ ምን ሆነ? ሻቦት በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄደ። በጃንዋሪ 2017 ካናዳ ለፍጻሜ በደረሰችበት የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የውድድሩ ኮከብ ተባለ፣ በ2018-19 ለኦታዋ በ70 ጨዋታ 55 ነጥብ አስመዘገበ። ዝቦሪል በኤንኤችኤል በ76 ጨዋታ አንድ ግብ አገባ፤ በዲሴምበር 2021 ቦታ ሊይዝ ሲል የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ።

የ17 ዓመት ተከላካይ ነጥብ ጠባይ እንዲህ ነው። ብዙው የሚመጣው ተጋጣሚ ሰው በተቀጣበት የኃይል ጨዋታ ነው፤ አሠልጣኙ ማንን እዚያ እንዳቆመ ካላወቃችሁ 0.75 እና 0.62 ልዩነት የላቸውም። 44 ጨዋታም አጭር ናሙና ነው፣ አራት የዕድል ግብ ስሌቱን ያዛባዋል። በዚህ ቦታ ከነጥብ ይልቅ የምንመዝነው ፓኩን ከራሱ ሜዳ እንዴት እንደሚያወጣ ነው፦ ሲጫኑት በግድግዳ አሽቀንጥሮ ይጥላል ወይስ ይዞ ይወጣል? የሻቦት ሀብት ይህ ይዞ መውጣት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የኪፐር ሊግ ምክር ደረቅ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ለተከላካይ ውድ አትክፈሉ። ከአጥቂ ይልቅ ዘግይተው ይበስላሉ፣ ለመገመትም ይከብዳሉ። ሻቦትም ቢሆን በ2017-18 የሰበሰበው 25 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ትዕግሥት ያጣ ባለቤት ያን ክረምት ይሸጠዋል፣ የገዛው ሰው በዓመቱ 55ቱን ይበላል።

ዲብረስክ ወይስ ኮነር

እዚህ መጀመሪያ የልደት ቀን ይታያል። የድራፍቱ ዓመት የሚቆረጠው ሴፕቴምበር 15 ላይ ነው። ዲብረስክ የተወለደው ኦክቶበር 17 ቀን 1996፣ ኮነር ዲሴምበር 9 ቀን 1996 ነው፤ ሁለቱም ለ2014 ድራፍት በወራት ያመለጡ፣ በ2015 ከቀረቡት መካከል ታላላቆች ናቸው። በሜይ 1997 ከተወለደው ባርዛል ጋር ስታወዳድሯቸው ቁጥራቸውን ትንሽ ቆንጥሩለት። እርስ በርሳቸው ግን እኩል ናቸው፣ ስለዚህ 1.13 ለ1.43 ንጹሕ ንጽጽር ነው።

ኮነርን ያስፈራው ሊጉና መንገዱ ነው። ከዩኤስኤችኤል ወጥቶ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነበር፤ የኮሌጅ ልጅ አራት ዓመት ሊያቆያችሁ ይችላል። እሱ ግን አንድ ዓመት ቆየ፣ በ38 ጨዋታ 71 ነጥብ ሰብስቦ ወጣ። በ2021-22 47 ግብና 93 ነጥብ ደረሰ።

ዲብረስክን ግን ከሴኒሺን ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ መኮነን ስንፍና ነው። 14ኛ ተራ በጤናማ ዓመት ሊገዛ የሚገባውን ገዝቷል፦ በ2018-19 27 ግብ፣ በ2022-23 እንደገና 27። ወጣ ገባ ነው እንጂ፤ በመካከላቸው በ2020-21 በ41 ጨዋታ 5 ብቻ አግብቷል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ካላችሁ 27 ባገባ ማግሥት ሽጡት፣ 5 ባገባ ማግሥት መልሳችሁ ግዙት።

ስለ መጠበቅ ካነሳን አይቀር፦ በካናዳ ታዳጊ ሊጎች የሚጫወት ልጅ በወቅቱ ደንብ 20 ዓመት እስኪሞላው ወደ ኤኤችኤል (ከኤንኤችኤል ቀጥሎ በታች ያለው ሊግ) መውረድ አይችልም ነበር። ወይ ኤንኤችኤል፣ ወይ ወደ ታዳጊ መመለስ። ባርዛል በ2016-17 ሁለት ጨዋታ አድርጎ ወደ ሲያትል የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኮነር ግን ከኮሌጅ ስለመጣ የዚያን ዓመት አብዛኛውን በኤኤችኤል አሳለፈ። መንገዳቸው ቢለያይም ባርዛል፣ ኮነር፣ ቤሰርና ዲብረስክ ሁሉም የመጀመሪያ ሙሉ ዘመናቸውን በአንድ ዓመት፣ በ2017-18 ተጫወቱ፤ እንደ ቅደም ተከተላቸው 85፣ 57፣ 55፣ 43 ነጥብ። ስለዚህ "ቶሎ ይደርስልኛል" ብሎ ያነሰውን መምረጥ እዚህ ምንም አላተረፈም። ቦታ ስትይዙ ከሁለት ዓመት በታች አታስቡ።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቤሰር ግብ ለሚቆጥር ሊግ ነው፤ በ2023-24 40 አግብቷል። ኮኔክኒን ቁመቱ አወረደው፣ በኦታዋ 67ስ አምበል መሆኑንና 68 ነጥቡን ያዩ ግን ቁመት አልለኩም። 35ኛ ሆኖ ለካሮላይና የተወሰደው ፊንላንዳዊው ሰባስቲያን አሆ በአዋቂዎች ሊግ ይጫወት ስለነበር ነጥቡ ከታዳጊዎቹ ጋር አይወዳደርም። አውሮፓ ውስጥ ከአዋቂዎች ጋር የሚሰለፍ የ17 ዓመት ልጅ ትንሽ ነጥብም ቢኖረው በቁም ነገር እዩት።

ቦስተን በሁለተኛው ዙር የተሻለ ገበያተኛ ነበር። በ37ኛ የወሰደው ተከላካይ ብራንደን ካርሎ ከ500 በላይ ጨዋታ ተጫውቷል፤ ነጥብ ብቻ በሚቆጥር ሊግ ዋጋ የለውም፣ የታገደ ምት በሚቆጥር ሊግ ግን ይጠቅማል። ይበልጥ የሚያስቀው 52ኛው ጄረሚ ሎዞን ነው፦ በ2023-24 ለናሽቪል 383 ጊዜ ተጋጣሚ ገጭቶ በወቅቱ የኤንኤችኤል የአንድ ዘመን ሪከርድ ያዘ። ሊጋችሁ አካላዊ ግጭትን የሚቆጥር ከሆነ ከቦስተን የ2015 ግዢዎች አብልጦ የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ጨረታ በፊት የራሳችሁን ሊግ የነጥብ ደንብ አንብቡ።

ተራውን ማውረድ

እንበልና ሴኒሺንን የምር ወደዳችሁት። ያኔም በ15 አይገዛም። አብዛኛው ግምት ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎት ስለነበር ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር፣ ለመሸርተትም ገበያው ክፍት ነበር። በዚያው ምሽት አይላንደርስ ከ33ኛ ወደ 28ኛ ለመውጣት 33ኛውን ከ72ኛ ተራ ጋር ለታምፓ ቤይ ሰጥተው አንቶኒ ቦቪሊየን ወስደዋል። አምስት ደረጃ የአንድ ሦስተኛ ዙር ተራ ዋጋ አወጣ ማለት ነው። 15ኛ ላይ ባርዛልና ኮነር ገና ጠረጴዛው ላይ እያሉ ደግሞ ሻጩ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላል።