ለሲሚንቶ ቤልት የቱ የኒውትሮን ምንጭ ይሻላል? ካሊፎርኒየም፣ ዲ-ዲ ወይስ ዲ-ቲ

ከለሚ እስከ ደርባ፣ ሰሜን ሸዋ የሲሚንቶ አገር ሆኗል። ቤልት (ዕቃ ማጓጓዣ ቀበቶ) ላይ የሚያልፈውን ጥሬ ዕቃ በኒውትሮን የሚመረምር መሣሪያ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ዋናው ጥያቄ ኒውትሮኑ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ኒውትሮን የአቶም እምብርት ውስጥ ያለች ቅንጣት ናት። ከምንጩ የወጣው ኒውትሮን ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ካልሲየሙ፣ ሲሊከኑ፣ አሉሚኒየሙና ብረቱ ይውጡታል፤ ሲውጡትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጋማ ጨረር ይለቃሉ። መሣሪያው ያንን አንብቦ በየደቂቃው ውጤት ይሰጣል። ናሙና ተፈጭቶ ላብራቶሪ እስኪደርስማ ድንጋዩ ወፍጮ ገብቷል።

ነባሩ ምርጫ ካሊፎርኒየም-252 የተባለው ጨረራ አመንጪ ብረት ነው። አንድ ማይክሮግራሙ በሰከንድ 2.3 ሚሊዮን ያህል ኒውትሮን ይሰጣል። መብራት አይፈልግም። ግን በ2.6 ዓመት የሚሰጠው ኒውትሮን በግማሽ ይወርዳል፤ በየጊዜው አዲስ ማስመጣት ግድ ነው። ደግሞም ማጥፊያ የለውም። ቤልቱ ቆሞ ጥገና የሚገባ ልጅ አጠገብ ምንጩ ሥራውን አላቆመም።

ዲ-ዲና ዲ-ቲ ግን ኒውትሮን የሚያወጡት በፊውዥን፣ ማለትም ቀላል አቶሞችን በማዋሃድ ነው፤ ዲ-ዲ ዲዩትሪየምን ከዲዩትሪየም፣ ዲ-ቲ ዲዩትሪየምን ከትሪቲየም ጋር። ሁለቱም ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው፤ ትሪቲየሙ ጨረራ አለው። ፊውዥን ሲባል የኃይል ማመንጫ አይምሰላችሁ። ክንድ የምታክል የታሸገች ቱቦ ናት። ዲዩትሪየምን በ100 ሺህ ቮልት አካባቢ አፋጥና ኢላማ ላይ ታላትማለች። ማብሪያውን ስታጠፉት ኒውትሮኑ ያኔውኑ ይቆማል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሠራተኛው በሰላም ቤቱ ይግባ።

ዲ-ዲ ትሪቲየም ማስመጣት አያስፈልጋትም። ኒውትሮኗ 2.45 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ በፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ መከለሉ ይቀላል። ዲ-ቲ በተመሳሳይ ሁኔታ መቶ እጥፍ ገደማ ትሰጣለች፣ ጉልበቷም 14.1 ሚሊዮን ነው። ከለላዋ ግን ይወፍራል። ዲ-ዲ የማትችለውን አንድ ነገር ትችላለች፦ ካርቦንና ኦክስጅንን ታያለች። የዲ-ዲ ጉልበት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የድንጋይ ከሰል ጥራትም መለካት ከፈለጋችሁ ዲ-ቲ ግዙ። ለኖራ ድንጋይና ለሸክላ ብቻ ከሆነ፣ በቂ ኒውትሮን የምታወጣ ዲ-ዲ ትበቃችኋለች። ደብረ ብርሃን ላይ ለማስተማሪያ ላብራቶሪ የሚገዛም ቢሆን ምክሬ ዲ-ዲ ነው።

ለእርሻ የአፈር እርጥበት ግን ፊውዥን አያስፈልግም። አሜሪሲየም-ቤሪሊየም የተባለው የተለመደ የኒውትሮን ምንጭ ይሠራል። የአሜሪሲየሙ ግማሽ ዕድሜ (ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 432 ዓመት ስለሆነ መጨረሻ የት እንደሚቀመጥ ከግዢው በፊት አስቡበት።

መብራት ሲሄድ ቱቦዋ ዝም ትላለች፤ ቤልቱም አብሮ ይቆማልና ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ነው፤ ማረጋጊያ ግዙላት። የጨረራ ፈቃዱንም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጨርሱ። ሻጩን ደግሞ ቱቦዋ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ተተኪዋ በስንት ሳምንት እንደምትደርስ፣ ያለቀችውን ማን እንደሚወስዳት ጠይቁትና መልሱን ውሉ ላይ አስፍሩት።