«አንቺስ ትተኛለሽ?» ብላ ለጠየቀችኝ ሲስተር

ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ ተኝቶ ሳለ የሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈው ሰው ቤታችሁ ያለ፣ ይህን አንብቡልኝ። የማመሰግነው አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ አልጻፍኩም።

ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማታ መረብ ይጥላል፣ ጎህ ሳይቀድ በጀልባ ገብቶ ያወጣል። አምና ኅዳር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የሆነ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ማቃሰት ይመስላል፣ ግን ማቃሰት አይደለም። መብራት ሳበራ ሰውነቱ ደርቋል፣ ዓይኑ ፈጧል፤ ወዲያው እጅ እግሩ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ጮህኩ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያዘለት። እኔ ምላሱን እንዳይውጥ ብዬ በጥርሱ መሃል ማንኪያ ከተትኩ። ሌሎቹ አረፋው እንዳይነካቸው ፈርተው በር ላይ ቆመው ያያሉ። ሲለቀው እያንኮራፋ ተኛ። ጠዋት ምላሱ ዳር ላይ ቆስሏል፣ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል፣ ፍራሹ ርሷል። እሱ ግን ምንም አያስታውስም። «ምን ሆነሽ ነው ያለቀስሽው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ይመጣበት ጀመር። ሁልጊዜ በእንቅልፉ ነው፤ ቀን አንድም ጊዜ ጥሎት አያውቅም። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ እሱን ብቻ አስገብተው ጠየቁት። ምን ይበል? «ደህና ነኝ፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል» አለ። የራስ ምታት ኪኒን ይዞ ወጣ። ሁሉንም ያየሁት እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር።

የካቲት ላይ በዘመድ ጥቆማ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መሩን። ባለቤቴ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያይ «እኔ አላበድኩም» ብሎ ሊመለስ ነበር። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንደሆነ፣ በአገራችን በብዙ ቦታ የሚከታተሉትም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንደሆኑ ያኔ አናውቅም። ሲስተር ራሷ ወጥታ እጁን ይዛ አስገባችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እሱ ተኝቶ ነበር፤ ያየሽው አንቺ ነሽ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለችኝ። በሦስት ወር ውስጥ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

የጠየቀችኝን ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። ከተኛ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው? አንገቱ ወዴት ዞረ? የትኛው እጁ ቀደመ? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ተኝቷል? ደብተር ያዢ፣ በስልክሽም ቅረጪው አለችኝ። ባሌ እየተንዘፈዘፈ ስልክ መደቀን ጭካኔ ሆኖ ተሰማኝ፣ ግን አደረግኩት። ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። አንገቱ መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞራል፣ ግራ እጁ ቀድሞ ይደርቃል፤ ይህን እኔ በድንጋጤ አላስተዋልኩትም ነበር። ሪፈር የተጻፈለት ሐኪምም ከሁሉ በፊት ያየው ያንን ቪዲዮ ነው፤ በሽታው ከአንድ የአንጎል ክፍል እንደሚነሳ የጠቆመው ቪዲዮው ነበርና። ደብተሩ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ከመዘገብኳቸው ሰባት ሌሊቶች አምስቱ ለመረብ ብሎ እንቅልፍ ካጣ በኋላ የመጡ ናቸው።

ማንኪያውን ስነግራት አልተቆጣችኝም። ሰው ምላሱን አይውጥም አለችኝ፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ክብሪትም አይጠቅምም፣ በጉልበት መያዝም ትከሻ ያወልቃል፣ አረፋውም በሽታውን አያስተላልፍም። ሰዓት እያየሁ መጠበቅ፣ ሲለቀው ምራቁ ትን እንዳይለው በጎኑ ማስተኛት፣ በደረቱ ተደፍቶ እንዳይተኛ ማድረግ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ሌላ ከደገመው ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ፍራሹን ወለል ላይ አወረድነው፣ ኮመዲኖውን አራቅነው፤ ሌሊት የሚመጣልን የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ሥራውን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስካሁን በእንቅልፍ ብቻ ቢመጣም ቀን ላለመምጣቱ ዋስትና የለም፣ ሐይቅ ላይ አትገባም አለችው። ባለቤቴ ተናዶ ወጣ። እንጀራችን ነው፤ እኔም ውስጤ ተናደደ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን «ዳር ላይ ምን ሥራ አለ?» ብላ ጠየቀችው። ዛሬ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መረብ ይጠግናል፣ ጀልባው ላይ ወንድሙ ይገባል። ገቢያችን ቀንሷል፣ አልዋሽም።

አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ተነሳ። ሁለቱም ምንም አላሳዩም። ያን ያህል ብር አውጥቶ «ምክንያቱ አልታወቀም» መባል ያማል። አማቴም «አላልኳችሁም፣ ይህ የሐኪም ነገር አይደለም» አሉ። ሲስተር ቁጭ ብላ አስረዳችን፦ ኢኢጂ የሚያነበው በተነሳበት ሰዓት ያለውን ብቻ ነው፣ ንጹሕ ቢሆንም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዓለም ካሉ ታማሚዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ መንስኤው እንደማይታወቅ ይናገራል። አማቴን ደግሞ «እናቴ፣ ጸበሉን ይውሰዱት፣ ኪኒኑን ግን እንዳያስቋርጡብኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው።

ካርባማዘፒን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረለት። ቆዳው ላይ ሽፍታ ካየሽ ያኑ ቀን አምጪው፣ በድንገት ማቋረጥ ከበሽታው የባሰ ነው ብላኛለች። መድኃኒት ሊጠፋ ስለሚችል ኪኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እሄዳለሁ፤ ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ ሲጠፋ የት እንዳለ ራሷ ደውላ ታጠያይቃለች። በስምንት ወር ውስጥ ሁለቴ ብቻ መጥቶበታል፤ አንዱ ለሐምሌ ገብርኤል እንግዳ ሲያስተናግድ ባደረ ማግስት ነው።

እኔ ግን እሱ እየተሻለው ሳለ እየከሳሁ ነበር። ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው የማነጋው። አንድ ቀን ካርዱን ጽፋ ጨርሳ፣ «አንቺስ ትተኛለሽ?» አለችኝ። መመለስ አቃተኝ፣ እዚያው አለቀስኩ። ሌላ በሽተኛ ውጭ እየጠበቀ አላቻኮለችኝም። የባለቤቴን ወንድም አስጠርታ ያስተማረችኝን ሁሉ አስተማረችው። አሁን በሳምንት ሁለት ሌሊት እሱ አጠገቡ ያድራል፣ እኔ ሌላ ክፍል በሩን ዘግቼ እተኛለሁ።

ጤና ጣቢያውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ወረፋ አለ። ደብተርና ቪዲዮ ካላችሁ ያዙ። ታማሚውን ብቻውን አትላኩት፤ ሌሊት አጠገቡ የሚተኛው ሰው አብሮ ይግባ።