የክሪፕቶ አካውንት ሱቅ ሄዳችሁ ያስከፈታችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ትናንት ሌሊት 870 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ) ከአካውንቴ ወጣ። የአራት ወር ልፋቴ ነው። ለውጭ ደንበኛ ሎጎ እየሠራሁ፣ ላፕቶፕ ልገዛበት ያጠራቀምኩት።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስታዲየም አካባቢ፣ ፎቅ ላይ። ስክሪን ይቀይራሉ፣ ስልክ ፍላሽ ያደርጋሉ። መስታወቱ ላይ "ዩኤስዲቲ እንገዛለን፣ እንሸጣለን፣ አካውንት እንከፍታለን" የሚል ተለጥፏል። ልጁ ትሁት ነው፣ አፉ ላይ "እህቴ" አይጠፋም። 500 ብር ሰጠሁት።

የከፈተልኝ በራሱ ኮምፒውተር ነው። "ለዚህ አዲስ ኢሜይል ይሻላል" አለና ኢሜይሉንም እሱ ከፈተው። ፓስወርዱን እሱ መርጦ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ፓስፖርቴን ፎቶ አነሳ። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አየሁ።

ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ጎግል ኦተንቲኬተርን፣ ያንን ከፓስወርድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ተቀያያሪ ኮድ የሚያወጣ አፕ፣ ሲያገናኝ ኪውአር ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የራሱን ስልክ አውጥቶ አነሳው። ከዚያ የእኔን ተቀብሎ አነሳበት። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስድስት ቁጥር። ቁጥሩ ሲቀየር አብሮ ተቀየረ። አየሁት! በዓይኔ አየሁት።

"ያንተ ስልክ ላይ ለምንድነው?" አልኩት።

"ስልክሽ ቢጠፋ መጠባበቂያ ነው እህቴ። ስንቱ እያለቀሰ ይመጣል መሰለሽ።"

አመሰገንኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ያ ኪውአር ኮድ ቁልፉ ራሱ መሆኑ ዛሬ ነው የገባኝ። አንዴ ያነሳው ስልክ፣ አካውንቱ ላይ እስኪቀየር ድረስ በየ30 ሰከንዱ የእኔኑ ኮድ ያወጣል። ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም። ኢሜይሉ በእጁ፣ ፓስወርዱ በእጁ፣ ኮዱ በእጁ። አራት ወር ሙሉ ብሬ ሲጠራቀም ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ያንን ኢሜይል ስልኬ ላይ እንኳ አላስገባሁትም። ዛሬ ስከፍተው የገንዘብ ማውጫው መልእክት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ስክሪን እየፈታ ነበር፣ ቀና ብሎም አላየኝ። "እህቴ" ቀርታ "ስሚ አንቺ" ሆነች። "የእኔ ሥራ መክፈት ነው፣ መጠበቅ የራስሽ ነው። ደረሰኝ አለሽ?" ደረሰኝ የለኝም። 500 ብሩን በእጁ ነው የሰጠሁት። አጠገቡ ያለው ጓደኛው በሩን በአገጩ አሳየኝ።

አካውንቴ ያለበት የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት መልስ ደግሞ ሁለት መስመር ነው። ትክክለኛው ፓስወርድና ትክክለኛው ኮድ ስለገባ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዩኤስዲቲው በተላከበት መስመር፣ በትሮን ኔትወርክ፣ የተላከ አይመለስም። በቲ (T) የሚጀምረው የተላከበት አድራሻ ላይ ገንዘቤ አሁንም ይታየኛል። ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል፣ የማን እንደሆነ ግን ስም የለበትም። ሄጄ የማንኳኳው ቢሮም እዚህ የለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም አልተፈቀደም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ያኔ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ሰው የከፈተላችሁ አካውንት ካላችሁ ዛሬውኑ ኢሜይሉን ወደ ራሳችሁ ቀይሩ፣ ፓስወርዱንም። ኦተንቲኬተሩን አጥፍታችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ ብቻችሁን እንደ አዲስ አገናኙት።

ከሱቁ ስወጣ አንዲት ልጅ ፓስፖርቷን ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ንዴት አንቆኝ ሳልነግራት ወጣሁ። ግራጫ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። ይህን ካነበብሽ ኢሜይልሽን አሁኑኑ ቀይሪ።