የባንክ ዋስትና ወይስ በታቦ የሚመዘገብ ማስታወሻ፦ በእስራኤል አዲስ ቤት ለሚገዙ

በእስራኤል ግንባታው ያላለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚጠብቅለት በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለው፤ ሻጩ ከዋጋው 7 በመቶ በላይ ከመቀበሉ በፊት በሕጉ ከተዘረዘሩት መያዣዎች አንዱን መስጠት ይኖርበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለገዢው የሚሻለው የባንክ ዋስትና («ዓርቩት») ነው፤ ኩባንያው ከስሮ ቤቱን ማስረከብ ባይችል የተከፈለውን ገንዘብ ባንኩ ይመልሳል። ግንባታውን ባንክ በሚደግፍበት ጊዜ ገዢው መክፈል ያለበት ባንኩ ባዘጋጀው የክፍያ ቫውቸር ብቻ ሲሆን፣ ይህ ሥርዓት የተጠናከረው በ2007 እ.ኤ.አ. ሔፍጺባ የተባለው የግንባታ ኩባንያ ወድቆ ብዙ ቤተሰቦች ከተጎዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ሻጩ በቅናሽ እያባበለ «በእኔ ሒሳብ አስገቡ» ቢል በፍጹም እሺ ሊባል አይገባም።

«ሄዓራት አዝሃራ» የሚባለው ማስታወሻ በመሬት መዝገቡ፣ ማለትም በታቦ፣ ሲሰፍር ንብረቱ ለሌላ እንዳይተላለፍ ይከላከላል፤ ሻጩም ክፍያ የሚቀበለው ግንባታው በደረሰበት ደረጃ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ማስታወሻው ገንዘብ አይመልስም፤ ኩባንያው ቢወድቅ በገዢው እጅ የሚቀረው ባልተጠናቀቀ ሕንፃ ላይ ያለ መብት ነው። መሬቱ አስቀድሞ ለባንክ ብድር ተይዞ ከሆነም በቂ መያዣ ስለማይሆን፣ ከመፈረም በፊት የታቦውን ማስረጃ በራስ ጠበቃ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ የሻጩ ጠበቃ የሚቆመው ለሻጩ ነውና።