አጋዘን ለገጨ መኪና የሚከፍለው ኢንሹራንስ፦ የኮምፕሪሄንሲቭ ሽፋን ግምገማ

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት ወንዱ አጋዘን ሴቷን እያሳደደ መንገድ ውስጥ ይገባል። ኖቬምበር ላይ ይብሳል፤ ሰዓቱም ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የኤርፖርት ሥራ የያዘ ሾፌር መንገድ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ማለት ነው። በሜሪላንድ ለዚህ ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን ኮምፕሪሄንሲቭ ይባላል። በእኛ ግምት ዋጋው ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ለሆነ መኪና በደንብ ያዋጣል። ሰው የሚከስረው መኪናው ቶታል (ከመጠገን ይልቅ ዋጋው የሚከፈልበት) ከተባለ በኋላ በሚደረገው ውሳኔ ነው።

በመጀመሪያ «ፉል ከቨሬጅ አለኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፉል ከቨሬጅ የሚባል ሽፋን ፖሊሲው ላይ የለም። ኩባንያው የላከላችሁን ዲክላሬሽን ገጽ (የሽፋኖቹን ዝርዝር) አውጡና ኮምፕሪሄንሲቭ የሚል መስመር ከነዲዳክቲብሉ (ከጉዳቱ ላይ ራሳችሁ ከምትችሉት ገንዘብ ጋር) መኖሩን እዩ። ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ያለው ሰው አጋዘን ቢገጭ ለመኪናው አንድ ዶላር አያገኝም። የኮምፕሪሄንሲቭ ዲዳክቲብል ከኮሊዥን (ከሌላ መኪና ወይም ከቆመ ነገር ጋር ስትጋጩ ለመኪናችሁ ከሚከፍለው ሽፋን) ተለይቶ የሚመረጥ ስለሆነ፣ ኮሊዥኑን 1,000 አድርጎ ኮምፕሪሄንሲቩን 250 ማድረግ ይቻላል። በወር የሚጨምረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ በሁለቱም ዋጋ አሠርታችሁ አወዳድሩ።

አጋዘኑን ብትገጩ ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። አጋዘኑን ሸሽታችሁ ዛፍ ወይም የመንገድ ብረት ብትመቱ ግን ኮሊዥን ይሆናል፤ ጥፋቱም የሾፌሩ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ መሪ መጠምዘዝ ለሕይወት አደገኛ ነው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ።

ከግጭቱ በኋላ መኪናውን አትጠቡት። በፊት መብራቱና በባምፐሩ መጋጠሚያ ውስጥ የሚሰነቀረው አጫጭር ቡናማ ጸጉር ዋናው ማስረጃችሁ ነው። አድጃስተሩ (ጉዳቱን የሚገመግመው የኢንሹራንስ ሠራተኛ) ጸጉርም ደምም ካጣ ጉዳዩን ወደ ኮሊዥን ሊያዞረው ይችላል። ጸጉሩን በቅርብ፣ መኪናውን በአራቱም በኩል፣ የማይል ቁጥሩንም ፎቶ አንሡ። ፖሊስ ከመጣ የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ።

«ይነሣል፣ ቤት ድረስ ልንዳው» የሚለው ስሕተት ብዙ መኪና አበላሽቷል። አጋዘን ከባምፐሩ ጀርባ ያለውን ኮንደንሰርና ራዲያተር ወደ ውስጥ ይገፋል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያው ራዲያተር ውስጥ ስለሆነ፣ ሲሰነጠቅ ሞተሩም ካምቢዮውም አብረው አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ኩባንያው የመጀመሪያውን ጉዳት ከፍሎ፣ በመንዳት የተቃጠለውን ሞተር አልከፍልም ሊል ይችላል። ከፊት በኩል ሮዝ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ከተንጠባጠበ፣ ወይም የኮፈኑ መቆለፊያ ከተጣመመ፣ ቶው ትራክ (ጎታች መኪና) አስጠሩ። የተጣመመ መቆለፊያ ሀይዌይ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ መስታወቱ ላይ ያመጣዋል።

የመጀመሪያው የጥገና ግምት ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው፤ የሚታየውን ብቻ ይቆጥራልና። ቦዲ ሾፑ ባምፐሩን ሲያወርድ የተሰበረ ራዳር፣ የታጠፈ የራዲያተር መያዣና የተቀደደ ሽቦ ያገኛል፤ ያንን ለኩባንያው ልኮ ተጨማሪ ያስፈቅዳል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የኤልኢዲ መብራቱና የራዳሩ ካሊብሬሽን (ማስተካከያ) ብቻቸውን ሒሳቡን ያንሩታል።

በሜሪላንድ መኪናውን ለመንገድ ለማብቃት የሚያስፈልገው ጥገና ከጉዳቱ በፊት ከነበረው ዋጋ 75 በመቶ ካለፈ መኪናው ሳልቬጅ (በሕግ በጣም የተጎዳ ተብሎ የሚመዘገብ) ይሆናል። ቴክሳስ ላይ መስፈርቱ 100 በመቶ ነው። ለምሳሌ 14,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ወሰኑ 10,500 ነው። በ7,800 የተጀመረ ግምት ሲፈታ 10,900 ቢደርስ፣ ቶታል ሆነ።

ያኔ የገበያ ዋጋ ሪፖርቱን ሙሉውን ጠይቁና አንብቡ። ውዱን የካምሪ ዓይነት ኤክስኤልኢን ርካሹ ኤልኢ ነው ብሎ መመዝገብ፣ ማይሉን ማሳሳት፣ በሌላ ከተማ ካለ ርካሽ መኪና ጋር ማወዳደር የተለመዱ ግድፈቶች ናቸው። ቅርብ አካባቢ ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ መኪኖችን ማስታወቂያና የቅርብ ጊዜ የጥገና ደረሰኞችን ላኩ። ታክስና የታይትል (የመኪናው የባለቤትነት ሰነድ) ክፍያ መካተቱንም አረጋግጡ። ካልተስማማችሁ፣ ብዙ ፖሊሲዎች ሁለቱም ወገኖች ገማች የሚመርጡበት አንቀጽ አላቸው።

ቀጥሎ «መኪናውን ማስቀረት ትፈልጋላችሁ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ ዲዳክቲብሉ 500 ቢሆን፣ አስረክባችሁ ከታክሱ ውጭ 13,500 ትወስዳላችሁ። የሳልቬጅ ዋጋው (የተጎዳው መኪና እንዳለ የሚያወጣው) 3,200 ከተባለና ካስቀራችሁት ግን እጃችሁ የሚገባው 10,300 ነው፤ ጥገናው ደግሞ 10,900። በአሮጌ ዕቃ ርካሽ ቢሠራ እንኳ ታይትሉ ላይ ሪቢልት ሳልቬጅ (ተጎድቶ የተጠገነ) የሚል ምልክት ስለሚቀር ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ኮምፕሪሄንሲቭና ኮሊዥን የሚሸጥላችሁ ኩባንያም ማግኘት ይከብዳል። ከሁሉም በፊት የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ የሳልቬጅ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ለተገዛው ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ኡበርና ሊፍት ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት ታይትል ያለውን መኪና አይቀበሉም። እንጀራችሁ በዚያ መኪና ላይ ከሆነ ማስቀረት ማለት ሥራውን ማቆም ነው፤ ይህን ሳይነገራቸው የፈረሙ ሾፌሮች መኖራቸው ያሳዝናል። ማስቀረት የሚያዋጣው መኪናው ለግል አገልግሎት ከሆነ፣ ኤርባግ ካልፈነዳ፣ ሻሲው ካልተነካ፣ ጉዳቱም ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ራዲያተር ላይ ካበቃ ነው።

ለእነዚሁ ሾፌሮች ሌላም ጉድለት አለ። አፑ በርቶ ደንበኛ በሚጠበቅበት ጊዜ ኡበር ለራሳችሁ መኪና ጉዳት አይከፍልም፤ ብዙ የግል ፖሊሲም አይከፍልም። ጥሪ ተቀብላችሁ ከሆነ የኡበር ሽፋን ይሠራል፤ ግን ዲዳክቲብሉ 2,500 ዶላር ነው፤ የሚሠራውም በግል ፖሊሲያችሁ ላይ ኮምፕሪሄንሲቭና ኮሊዥን ካለ ብቻ ነው። በግል ፖሊሲያችሁ ላይ የሚጨመር የራይድሼር (ለኡበርና ለሊፍት ሥራ የሚሆን) ሽፋን ክፍተቱን ይሞላል፤ ስትገዙ ዲዳክቲብሉን እስከ ስንት እንደሚያወርድ ጠይቁ። መኪናችሁ በሌለበት ጊዜ ለኪራይ መኪና የሚከፍለው ሽፋንም ለብቻው የሚገዛ ነው። ብድሩ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ ልዩነቱን የሚሸፍነው ጋፕ የሚባለው ኢንሹራንስ ብቻ ነው፤ ቼኩ መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይሄዳልና እስኪዘጋ ድረስ የወር ክፍያውን አታቋርጡ።

መኪናውን ካስረከባችሁ ኢዚፓሱን (የመንገድ ክፍያ መሣሪያውን) እና ሰሌዳውን ፍቱ። ሰሌዳው ለኤምቪኤ (ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ አስተዳደር) ሳይመለስ ኢንሹራንሱን ብታቆሙ፣ ሜሪላንድ መኪናውን ያለ ኢንሹራንስ እንዳለ ቆጥራ ትቀጣለች።