ኮድ የሚጽፍልኝ ኤአይ፦ ከወራት በኋላ የአንድ ዲዛይነር አስተያየት

ስሙን ልዝለለው። በወር 20 ዶላር ከሚከፈልባቸው የኤአይ ኮድ መጻፊያዎች አንዱ ነው፤ የምለው ለወንድሞቹም ይሠራል። እኔ የአፕ ዲዛይነር ነኝ። ኮድ አነባለሁ፣ መጻፉ ላይ ግን እንጃ።

ፈጣን ነው፣ ይሄን ሁሉም ያወራል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የአፕ ገጽታ በሚነደፍበት ፊግማ ላይ ስሠራ የተጠቃሚው ስም ሁሌ «አበበ» ነው፣ ኔትወርክም ሁሌ አለ። ኮዱን ስልኬ ላይ ስከፍተው ግን «ወለተጊዮርጊስ ገብረመስቀል» ትመጣና ስሟ ከሳጥኑ ያልፋል። ኔትወርክ ይቋረጥና ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ድሮ እንዲህ ያለውን ዴቨሎፐሩ በመሰለው ይሞላው ነበር። አሁን እዚያው አይቼ እዚያው እወስናለሁ።

አማርኛ ላይ ግን ዓይን አይነቀልም። ኤአዩን ከፊግማ ጋር በሚያገናኘው ድልድይ፣ በፊግማ ኤምሲፒ ሰርቨር በኩል ቀለሙንና ክፍተቱን አንብቦ ይሠራል፤ የመስመር ከፍታውን ለላቲን ፊደል በለመደው ልክ ሲተወው የ«ሽ» ቆብና የ«ሟ» እግር ይቆረጣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ተጠቀም ካልተባለም ስልኩ ያገኘውን ፎንት ያለብሰዋል።

ጉዱ የልደት ቀን መምረጫው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርገው ስለው የወሮቹን ስም ቀየረና ነሐሴ ላይ አቆመ። ጳጉሜ የለችም! 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 መሆኗን ስነግረው የራሱን ቀመር ሊፈጥር ተነሣ። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የኮድ ቋንቋ ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የተባለው መሣሪያ እኮ ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ያውቅበታል። እሱን ተጠቀም ስለው ወዲያው አስተካከለው። ጳጉሜን የማያውቅ ዲዛይነር ቢሆንስ ኖሮ?

የቡድናችን ዴቨሎፐር መጀመሪያ ፊቱን አጥቁሮብኝ ነበር። አልፈርድበትም፤ ኤአይ የጻፈውን ማጥራት ለሱ ዕዳ ነው። አሁን ተስማምተናል፦ ገጽታውና እንቅስቃሴው የኔ፣ ገንዘብና የይለፍ ቃል የሚነካው የሱ ብቻ።

ኮታውም አይበረክትም፤ ትልልቅ ሥራ ካበዛሁበት ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ የምትሸፍነው አሜሪካ ያለች እህቴ ናት። በየወሩ እሷን ማስታወስ ራሱ ያሳፍራል።

ፊግማን አልተውኩም። መሣሪያው የመጀመሪያውን ሐሳብ አሳምሮ ስለሚያቀርበው ሌላ መፈለግ ያስረሳል። ስለዚህ ሦስት አራት ንድፍ ፊግማ ላይ እሞክራለሁ፣ ወደ ኮድ የሚሄደው የተመረጠው ብቻ ነው። ወርሃዊውን እቀጥላለሁ። ዓመታዊውን ግን አልገዛም፤ የነዚህ ነገሮች ዋጋም ሞዴልም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።